ድርቅን አሸንፋለች ስለተባለችው መንደራችንና ስለታዘዘው ምሳ

ይድረስ ለክቡር የቆላ መንደሮች የድርቅ መቋቋምና የተሞክሮ ማስፋፊያ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ጥር አብረውዎት ወደ መንደራችን የመጡት ባልደረቦችዎ ሁሉ፣ በተለይም አቧራው ሲያስነጥሳቸው የዋሉት ባለ መነጽሩ ወንድማችን፣ በፍጹም ጤንነትና በጥጋብ ይገኙ ዘንድ የሾላ ውሃ ሕዝብ፣ እስላሙ በዱዓው ክርስቲያኑ በጸሎቱ፣ ሳያቋርጥ ይለምናል። የእኛን ደኅንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ምስጋና ለአላህ ይሁንና፣ ከመኝታችን የተነሣነው ደህና ነን፤ መነሣት ያቃታቸውም በተኙበት ሆነው ሰላምታቸውን እንዳደርስላቸው አደራ ብለውኛል።

እኔ ጸሐፊው ኑዕማን ሙዓዊያ እባላለሁ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ቆላው በባጃጅ ወርደው፣ ባለ ባጃጁ ከዚህ በኋላ አልሄድም ብሎ ከሚያራግፍበት ቦታ ጀምሮ በእግር የምትደረሰው የሾላ ውሃ መንደር የውሃ አባት ነኝ። የውሃ አባት ማለት፣ ለቢሮ ሰው ግልጽ ይሁን ብዬ ነው እንጂ ንቄዎት አይደለም፣ ወንዙ ተጠልፎ በቦይ ሲወርድ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን፣ ተራ የሚሰጥ፣ የሰው ተራ የወሰደውን የሚቀጣ፣ ሕዝቡ የመረጠው ሽማግሌ ማለት ነው። ወንዛችን መድረቅ ከጀመረ ሦስተኛ ክረምት ሊደፍን ስለሆነ፣ ሹመቴ እንዳለ ሆኖ ሥራው ቀርቶልኛል። ድሮ በየቀኑ የማስታርቃቸው ሰዎች ዛሬ የሚጣሉበት ውሃ ስለሌላቸው በፍቅር ይኖራሉ። ደብዳቤ የምጽፍበት ይህን የመሰለ ሰፊ ጊዜ ያገኘሁትም በዚህ ምክንያት ነውና፣ ማንን እንደማመሰግን ስላላወቅሁ ለጊዜው እርስዎን አመሰግናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት የደረሰን የክብር ጥሪዎ ነው። ጥሪው እንደሚያትተው፣ ሾላ ውሃ «ድርቅን በራስ አቅም የተቋቋመች ሞዴል መንደር» ተብላ ስለተመረጠች፣ ከልዩ ልዩ ቆላማ አካባቢዎች የተውጣጡ እንግዶች በመጪው ሰኔ የመጀመሪያ ሐሙስ መጥተው ተሞክሯችንን ይቀስማሉ፤ እኛም «እንደ ባለፈው ጊዜ ባማረና በደመቀ ሁኔታ» ምሳ እናበላቸዋለን። ጥሪው ሲነበብልን ከመሐላችን የሳቀም ያለቀሰም አልነበረም፤ ሁለቱም አቅም ይጠይቃሉ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ብዙ ቢመስልም ልመናችን አንድ ብቻ ነው። ስማችን ድርቅን ካሸነፉት ተርታ ተሰርዞ ከተራቡት ተርታ ይግባልን፤ የዕርዳታው ስንዴና የሕፃናቱ አልሚ ምግብም ከእንግዶቹ ይቅደምልን። ይህን ስል መንደሩን ሁሉ ማለቴ ቢሆንም በልቤ ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ናጅዋ ትባላለች፤ የጎረቤቴ የእትዬ መሪያም የልጅ ልጅ ናት። ሁለት ዓመቷን ሳትሞላ የእናቷ የፈይዛ ጡት ደረቀ፤ አባቷ ለቀን ሥራ ወደ አፋር ሜዳ ከወረደ ወዲህ የላከው ነገር የለም፤ ልጅቱ በየቀኑ እየቀለለች ነው። የምንሽቀዳደመው ከእርሷ ጋር ነውና ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ እባክዎ ከዓይንዎ አትራቅ።

፩ኛ. አቀባበላችንን በተመለከተ

በጥር ወር ቡድንዎ «የድርቁን ጉዳት ለማጥናት ይመጣል» በተባልን ጊዜ እኛ የሰማነው «ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነበር። በእኛ አገር ራብ የገባበት ቤት ጎረቤት እንዳይሰማበት እሳት አንድዶ ባዶ ውሃ ይጥዳል፤ ጢሱ ከታየ ገመናው ተሸፈነ ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣማ የሌለውም ሰው የለኝም አይልም፤ ይበደራል፣ ብድር ያጣ እንደሆነ የቤቱን ምሰሶ ሸጦ ያበላል። የተማሩ ልጆቻችን ይህን ኋላ ቀር ልማድ እንደሚሉት እናውቃለን፤ ባልደረቦችዎ ግን በዚያን ዕለት ሲቀምሱት አልጠሉትም።

ስለዚህ የተራበ መንደር ሊያዩ የመጡትን ሰዎች የጠገበ መንደር መስለን ጠበቅናቸው። እስላሞቹ የዒድ ልብሳቸውን አወጡ፤ ክርስቲያኖቹ የጥምቀቱን ገና አጥፈው አላስቀመጡትም ነበርና እርሱኑ ደገሙት። ድግሱም እንደሚያውቁት አንድ ሊሆን አይችልም፤ የእስላሙን እርድ ክርስቲያኑ፣ የክርስቲያኑንም እስላሙ ስለማይበላና ከእንግዶቹ መሐል ሁለቱም ስለማይጠፉ፣ አንድ ድርቅ ሁለት ድግስ ደገሰ። በክርስቲያኖቹ በኩል ባሏ የሞተባት ሐረገወይን እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮዋን አንሥታ አሳረደች፤ እንቁላሎቹ ቀዝቅዘው ቀሩ። በእስላሞቹ በኩል እትዬ መሪያም በግቢያቸው የቀረችውን አንዲት ፍየል አሳረዱ። ፍየሏ ትታለብ ነበር፤ ስኒ እንኳ የማይሞላ ወተት ነበር፣ እርሱም የናጅዋ ነበር።

ፈይዛ ፍየሏ ስትጎተት አየች። በአማቷ ቤት እንግዳ ሊገባ ሲል ምራት የምትናገረው ነገር የለም፤ ልጇን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፣ ውሃው ባለበት አገር እስክትደርስ ድረስም ማልቀሻ ጊዜ አላጣችም። ቡድንዎ ሥጋው እጅግ ጣፋጭ እንደነበር በሪፖርቱ ባይጽፈውም በአንደበቱ መስክሮልናል፤ ለምስክርነቱ እጅ እንነሣለን።

፪ኛ. የእንስሳት ሁኔታ «አጥጋቢ» ስለመባሉ

የከሳ ከብት ለእንግዳ ዓይን አይቀርብም። አጥንቱ የወጣ በሬ ለባለቤቱ ነውር ነው፤ እንግዳውም ምን ብሎ እንደሚያጽናና ይጨንቀዋል። ስለዚህ ከብቶቻችንን ጎህ ሳይቀድ እየገፋንና እየደገፍን ከኮረብታው ጀርባ አሳለፍናቸው። ቡድንዎ ከብቶቻችሁ የት አሉ ብሎ ሲጠይቅ ግጦሽ ወርደዋል አልን፤ ግጦሽ አለ ማለታችን እንደሆነ ያኔ አልገባንም።

እንደ አጋጣሚም በዚያው ሰዓት የአፋር ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ወደ ካራቆሬ ገበያ እየነዱ በመንደራችን አለፉ። ግመል እንደሚያውቁት በድርቅ ጊዜ የሚያምርበት ፍጥረት ነው። ባለ መነጽሩ ወንድማችን በስልካቸው አነሷቸው፤ ሥዕሉም ዛሬ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ በተሰቀለው ባነር ላይ «የሾላ ውሃ አርብቶ አደሮች የሀብት ምንጭ» ተብሎ በትልቁ ይታያል። የግመሎቹ ባለቤቶች መንደራችን ያደሩት ለአንዲት ሌሊት እንኳ አልነበረም፤ ሆኖም የሰው ሀብት በስማችን ስላስመዘገቡልን ውለታዎን አንረሳም።

ከኮረብታው ጀርባ ያሳለፍናቸው ከብቶች ግን ማታ ልንመልሳቸው ብንሄድ አብዛኞቹ መነሣት አልቻሉም። እዚያው ቀሩ። ለብዙ ቀን ሽታው በነፋስ እየመጣ ያስቸግረን ነበር፤ እንግዶቹ በነበሩበት ቀን ሽታ ባለመኖሩ ተመስገን ብለናል።

፫ኛ. «የእህል ክምችት አለ» ስለመባሉ

ይህ ለመጻፍ የሚከብደኝ ነው። በመንደራችን ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ነጭ ማሽላ አለ፤ ቁመቱ ሰው ያሰጥማል፣ አገዳው ከብት ይቀልባል፣ ፍሬው በዚህ አፈርና በዚህ ሙቀት የተገራ ነው። ዘሩ የሚጠበቀው እንደ እህል በጎተራ አይደለም፤ ከማሳው የተመረጠው የማሽላ ራስ ከነአገዳ አንገቱ ታስሮ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፣ ዓመቱን ሙሉ ጢስ እየጠጣ ነቀዝ ሳይደፍረው ይቆያል። ዘር ያለቀበት ሰው እስላም ሆነ ክርስቲያን እትዬ መሪያም ቤት ይሄዳል፣ ከተሰቀለው አውርደው ይሰጡታል፣ ምርት ሲገባ አዲስ ራስ አምጥቶ በቦታው ይሰቅላል። ማንም መዝኖ አያውቅም፤ ማንም አጉድሎ አያውቅም። ድርቅ በመጣ ቁጥር ልጆች እየራባቸው ከሥሩ ተኝተው ያደሩበት ነው፤ የተነካበትን ዘመን ግን ሽማግሌ ነኝ የምል እኔም አልሰማሁም።

ለቡድንዎ እንጀራ የሚሆን ዱቄት በመንደሩ ስላልተገኘ እትዬ መሪያም ያንን ዘር አወረዱት። እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ይተዉ ብለን ለመንናቸው። ዘር የሚሰጥ አላህ ነው፣ አንዴ የጠቆረ የእንግዳ ፊት ግን በምን ይነጻል ብለው መለሱልን። ሲፈጩት ጢሱ ይሸት ነበር።

ባልደረቦችዎ በእንጀራው ጣዕም ተደንቀው ደጋግመው አስጨመሩ፤ ጢስ ጢስ የሚለው ነገር ልዩ ቅመም መስሏቸው ምንነቱን ጠየቁ፤ በዚያው ማዕድ ላይ ሳሉም በቂ የእህል ክምችት መኖሩን መዘገቡ። እውነት ነው፣ ነበረ፤ በሆዳቸው ነበረ። ዘንድሮ ሰማዩ ቢምረንና ሐምሌ ቢዘንብልን እንኳ መሬቱን አርሰን የምንጥልበት የራሳችን ዘር የለም። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢላላ ይቅር ይበሉኝ፤ ተናድጃለሁ፣ በማን እንደተናደድኩ ለይቼ ማወቅ አለመቻሌ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

፬ኛ. ስለ ውሃ አጠቃቀም ስለተሰጠን ሥልጠና

በመጋቢት አሠልጣኝ ልከውልን በውሃ ቁጠባ ዙሪያ ቀኑን ሙሉ መሠልጠናችንን በታላቅ ምስጋና እናስታውሳለን። ያላቸውን የሚያባክኑ ሰዎች የሚማሩትን ትምህርት የሌለን እኛ ተማርን፤ ከእንግዲህ ውሃ ብናገኝ እንዴት እንደምንቆጥበው ጠንቅቀን እናውቃለን። አሠልጣኙ ቆላው ስለከበዳቸው የታሸገ የፕላስቲክ ውሃ በካርቶን ይዘው ነበር፤ ሙቀት ሲገባው ይተዉትና ሌላ ይከፍቱ ነበር። ሲሄዱ ያልተጨረሱት ጠርሙሶች ድንጋዩ ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ።

ያን ጊዜ ሹመቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ሰው ወደ ጠርሙሶቹ ሲያይ አይቼ ተነሣሁና እንደ ደንቡ ተራ ሰጠሁ፤ መጀመሪያ የሚያጠቡ፣ ቀጥሎ የታመሙ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎች። ማንም ተራውን አላለፈም፣ ማንም አልተጣላም። በአባቴና በአያቴ ዘመን ወንዝ ሲያካፍል የኖረ ሹመት በእኔ ዘመን የእንግዳ ትራፊ አካፈለ፤ ይህንንም ተሞክሮ ለሰኔው ጉብኝት እንደ አንድ ነጥብ ሊይዙት ይችላሉ።

፭ኛ. ስለተሰጠን የምስክር ወረቀት

በሚያዝያ መንደራችን በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሸልማለች። እጅግ ያማረ ወረቀት ነው። ዘንድሮ በሾላ ውሃ ፍየል ሊበላው የሚችል ነገር ቢኖር እርሱ ብቻ ነው፤ ፍየሏን ግን ቀደም ብለው በልተዋታል።

ሽልማቱን ከተቀበልን በኋላ ነው የዕርዳታ ስንዴ ለምን እንደቀረብን የገባን። ከሰዎች ጋር ሆኜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አንድ ትሑት ወጣት አስተናገደን። ኮምፒውተሩን አይቶ ሾላ ውሃ ችግር የለባትም፣ ይልቁንም ለሌሎች ምሳሌ ናት አለን። ሥጋችንን እያየ ነበር ይህን የሚነግረን፤ ደግ ልጅ ስለሆነ ዓይኑን ከእኛ መልሶ ወደ ኮምፒውተሩ አደረገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እንሰማ ነበር፤ ሦስተኛ እንደተጨመረበት ግን አላወቅንም። መዝገቡ እንዲቃና አዲስ የጥናት ቡድን መምጣት አለበት ተባልን፤ የጥናት ቡድኑ ደግሞ የሚመጣው ከመኸር በኋላ ነው ተባልን። ለጥናት የማይገኝ መኪና ለምሳ መገኘቱን ከጥሪዎ ስናነብ ደስታችን ወሰን አጣ።

፮ኛ. ስለ ናጅዋ

ከወንዙ ማዶ ያለችው መንደር በጥር ቡድንዎ ሲደርስባት ሰዉ ሁሉ ቀብር ወጥቶ ነበር። የተቀበለ የለም፣ ያበላ የለም፤ እንግዶቹ ባዶ ቤትና ባዶ ማጀት አይተው ተመለሱ። እነርሱ ስንዴ አገኙ። አልቀናንባቸውም፤ ርቧቸዋል፣ ይገባቸዋል። ግን ሬሳ ተሸክመው በመውጣታቸው የተረፉ ጎረቤቶች ሳይ፣ እኛም ያን ቀን የምንቀብረው ሰው በኖረን ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እነዚያው ጎረቤቶቻችን አመሻሽ ላይ በነጠላቸው ጫፍ ስንዴ ቋጥረው ለፈይዛ ያመጡላታል፤ ናጅዋ እስከ ዛሬ የቆየችው በዚያ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ቤተልሔም የሕፃናትን ክንድ የምትለካበት ባለ ቀለም ጥብጣብ አላት። አረንጓዴ ላይ ያረፈ ደህና ነው፣ ቢጫ ያሠጋል፣ ቀይ ከሆነ ልጁ በሞት ደጅ ነው። የናጅዋ ክንድ ቀይ ላይ ነው። ፈይዛ አዝላት ሸዋ ሮቢት ወጥታ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሐኪሞች አላህ ይስጣቸውና ደክመውላት፣ ልጅቱ ትንሽ ቀና ብላ፣ የያዙትን ሰጥተዋት መለሷት። ቤቷ ስትገባ ግን ቤቱ ያው ቤት ነው። የሚቀጥለው አልሚ ምግብ በየመንደሩ ይታደላል፤ ሾላ ውሃ ደግሞ ድርቅን ያሸነፈች መንደር ስለሆነች በእደላው ውስጥ የለችም። ቤተልሔም ስለዚህ ነገር ጽፋ ጽፋ እጇ ዝሏል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይላሉ አባቶች፤ እኔ ግን ይህን በእርስዎ ላይ አልተርትም፣ ምክንያቱም የበሉት የእኛን ነውና እንዴት መሰልዎት ብዬ መጠየቅ አልችልም።

ክቡር ሆይ፤

ጥሪዎ ተነብቦ ሲያበቃ መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ መሪያም ነበሩ። የጠየቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዶቹ ስንት ናቸው? ከዚያም ተነሥተው ከማን ምን እንደሚበደሩ፣ ማን ጋ ምንጣፍ እንዳለ፣ ከማዶ ሰዎች ስንዴ ይገኝ እንደሆነ ማሰላሰል ጀመሩ። ፈይዛ ልጇን ታቅፋ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፣ እንደዚያን ቀንም ኮርቼ አላውቅም፤ ሁለቱ እንዴት በአንድ ጉሮሮ እንደሚያልፉ እርስዎ ቢመጡ ያስረዱኛል።

በመጨረሻም የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አባቶቻችን ወስነውት የማያውቁትን ውሳኔ ወሰንን። የሰኔው እንግዳ ሲመጣ በሮቻችን ሁሉ ክፍት ይሆናሉ፤ ምድጃችን ላይ ባዶ ውሃ አይጣድም፤ ማንም የዒድም የጥምቀትም ልብስ አይለብስም፤ ከሳ የተባለው ሁሉ፣ ሰውም ቢሆን፣ ከፊት ይቆማል። እትዬ መሪያም ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። በሦስት ዓመት ድርቅ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ከመንደሩ ወጥተው እህታቸው ዘንድ አሊዩ አምባ እንዲሄዱ ፈቃድ ለመኑን፤ እንግዳ ከደጃቸው ጾሙን ሲመለስ በዓይናቸው ማየት አይችሉም። ፈቅደንላቸዋል፤ የሚሄዱበት ጉልበት ከተገኘ።

እንግዶችዎ ከእኛ የሚቀስሙት ተሞክሮ እንዳያንሳቸው ግን አይሥጉ። የቁርቁራ ፍሬ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚለቀም፣ ሰው ሳይታይ እንዴት እንደሚራብ፣ የአንድ ቤት ሰዎች ማን ዛሬ ማን ነገ እንደሚበላ ሳይነጋገሩ እንዴት እንደሚግባቡ፣ ለቀስተኛ ሳይደክም በቅርብ ርቀት መቃብር እንዴት እንደሚቆፈር በሰፊው እናስረዳለን። ከሁሉ በላይ የምናስተምራቸው ግን አጥኚ የመጣ ቀን ለእንግዳ ምንም አታቅርቡ የሚለውን ነው። ይህን ትምህርት ለመማር የከፈልነው ዋጋ ከፍተኛ ስለሆነ በነጻ ቢወስዱት ይሻላል።

ስለዚህ በትሕትና ደግሜ እለምናለሁ፤ አልሚ ምግቡና ስንዴው ይቅደም፣ እንግዶቹ ይከተሉ። የምስክር ወረቀቱን ለመመለስ ዝግጁ ነን፤ መስታወቱ አልተሰበረም። ግመሎቹን መመለስ ግን አንችልም።

እርስዎን በዕድሜ፣ መሥሪያ ቤትዎን በበጀት፣ መኪናዎን በነዳጅ ይባርክልዎ ዘንድ፣ እኛንም ቢያንስ እንግዶችዎ እስከሚደርሱበት ሐሙስ ድረስ እንዲያቆየን እየለመንኩ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ኑዕማን ሙዓዊያ
ውሃ የሌለው የሾላ ውሃ የውሃ አባት
ይፋት ቆላ፣ በግንቦት ወር ማገባደጃ ተጻፈ

ማሳሰቢያ፦ በዕድሜዬ እጽፈዋለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ነገር ልጻፍ፤ ምሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ይህን ቢያነቡ ልጄ አይደለህም ይሉኝ ነበር። ስትበሉም መኪና ውስጥ ሆናችሁ፣ መስኮቱን ዘግታችሁ ቢሆን ውለታችሁ ይበዛልን ነበር። ልጆቻችን ሰው ሲበላ ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ አፍ አፍ የማያዩ፣ የተቀጡ ልጆች ነበሩ፤ ዘንድሮ ግን ዋስ ልሆናቸው አልችልም። ስለ ናጅዋ ብቻ አይሳቀቁ፤ እርሷ ምግብ ሲሸታት ማልቀስ ካቆመች ቆይታለች።